የሞተር ሄልሜት ለመኪና ይሆናል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምጽፈው ከአዳማ ነው። እኔና ጓደኞቼ አንዳንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱን አስፈቅደን አንድ ሰፊ የታጠረ ግቢ ውስጥ ኮን ደርድረን ሰዓት እየያዝን በየራሳችን መኪና እንነዳለን፣ የኔዋ ቪትዝ ናት። ዱባይ የሚሰራ ወንድም ደሞ አለኝ፣ በቅርቡ ልጠይቀው ስሄድ ዱባይ አውቶድሮም የሚባል የመኪና ውድድር ትራክ ወስዶ ሊያስነዳኝ ቃል ገብቶልኛል። ለዚህ ብዬ ሄልሜት ልገዛ ስል አንዱ ጓደኛዬ የሞተር ሄልሜቱን በርካሽ ልሽጥልህ አለኝ፣ ሌላው ደሞ የሞተር ለመኪና አይሆንም ይላል። የቱን ልስማ? ስገዛስ ምን ልይ?

መልስ፦ ወንድሜ ሁለተኛውን ስማ። የሞተርና የመኪና ሄልሜት ከውጪ ሲታዩ አንድ ይምሰሉ እንጂ የተፈተኑት ለተለያየ አደጋ ነው። ከሞተር የወደቀ ሰው አስፋልት ላይ ነው የሚያርፈው፣ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ግን በቀበቶ ታስሮ ስለተቀመጠ ጭንቅላቱ የሚያገኘው የበሩን ምሰሶ ነው፣ ጣራውን ነው፣ ለውድድር የተሰራ መኪና ከሆነ ደሞ የሮል ባሩን፣ ማለትም መኪናው ቢገለበጥ ሹፌሩን እንዲጠብቅ ውስጡ የሚታሰረውን ብረት፣ ያውም ባንድ ግጭት ውስጥ እዛው ቦታ ላይ ደጋግሞ። አሜሪካ ውስጥ ስኔል የሚባል ሄልሜት የሚፈትን ድርጅት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ውድድር ላይ ጭንቅላቱን ተመቶ በሞተ ዊልያም ስኔል በሚባል ሹፌር ስም በ1957 የተቋቋመ ነው። እነሱ ለመኪና ኤስኤ፣ ለሞተር ኤም፣ ካርት ለሚባለው ትንሽ ክፍት የውድድር መኪና ኬ የሚባል ደረጃ አላቸው። ኤስኤ የተባለው ከሌላው ምት በተጨማሪ የሮል ባር ቅርጽ ባለው ብረት ላይ ይመታል፣ ከዛ የፕሮፔን እሳት ይለቀቅበታል፣ እሳቱ ሲነሳ ሄልሜቱ በራሱ መጥፋት አለበት፣ ውስጡም ከ70 ዲግሪ በላይ መጋል የለበትም። ኤም ላይ የእሳት ፈተና የለም።

እሳት ደሞ የቪትዝ ነገር አይደለም እንዳትለኝ። በኖቬምበር 2020 ባህሬን ላይ የሮማን ግሮዣን ፎርሙላ ዋን መኪና አጥር ሰብሮ ሲነድ አይተህ ይሆናል፣ 28 ሰከንድ ገደማ እሳት ውስጥ ቆይቶ እጆቹ ተቃጥለው በህይወት ወጣ፣ ከለበሰው ነገር አንዱ ለእሳት ያልተሰራ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ያንተ ፍጥነት እዛ አይደርስም፣ ግን ቤንዚንና የጋለ ሞተር ያንተም መኪና ውስጥ አሉ።

ስለዚህ ስትገዛ ኤስኤ 2020 ወይም አዲሱን ኤስኤ 2025 ፈልግ፣ ቁጥሩ ደረጃው የወጣበት ዓመት ነው፣ ኤፍአይኤ 8859 የሚል፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ደረጃ ያለው ካገኘህም ጥሩ ነው። ኤስኤ 2015 እጅህ ላይ ቢኖር ጣለው አልልህም፣ ዛሬ ግን አዲስ ብለህ አትግዛው፣ ትራኮች ብዙውን ጊዜ የሚቀበሉት የቅርብ ጊዜውንና ከሱ በፊት ያለውን ነው። ለጀማሪ ኤምም የሚቀበል፣ ሄልሜት የሚያከራይም ትራክ አለ፣ ወንድምህ ቀድሞ ደውሎ የነሱን ደንብ ይጠይቅልህ። የስኔል ስቲከር የሚገኘው ውስጥ ነው፣ ጨርቁን በጣትህ ገለጥ ስታደርግ ተከታታይ ቁጥር ያለው ሆኖ ታየዋለህ። ከውጪ ከኋላ ዲኦቲ የሚል፣ ማለትም የአሜሪካ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ደረጃ ምልክት ብቻ ተለጥፎ ካየህ እሱ ለመንገድ ሞተር ነው፣ አምራቹ ራሱ አሟልቻለሁ ብሎ የሚለጥፈው፣ እንደሱ አይነት ስቲከር ደሞ ለብቻው ተገዝቶ ሊለጠፍ ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር የሄልሜቱ መጠን ነው፣ እዚህ ላይ ብር ከማውጣትህ በፊት ጊዜህን አውጣ። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዝና ከቅንድብህ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አርገህ፣ ከኋላ በሰፊው ቦታ አዙረህ ለካ፣ በሴንቲሜትር ጻፈው። ጎፈሬ ከሆንክ ወይ ሰሞኑን ልትቆረጥ ከሆነ ለትራክ በምትሄድበት ጸጉር ተለካ፣ ብዙ ሰው ይሄን ይረሳል። ቁጥሩን ለወንድምህ ልከህ አምጣልኝ ማለት ግን አይበቃም፣ አንዱ ካምፓኒ ሚዲየም ያለውን ሌላው ላርጅ ይለዋል፣ ቅርጹም ለክብ ራስና ለሞላላ ራስ ይለያያል። የምትሄድ ከሆነ ራስህ ሞክረው።

ስትሞክር ሲገባ መታገል አለበት፣ ጉንጭህን ጨምቆ ስታኝክ የጉንጭህን ውስጥ ሊያስነክስህ ይገባል፣ ፓዱ፣ የውስጡ ስፖንጅ፣ በኋላ ትንሽ ይላላል። ማሰሪያውን እሰረውና ግራ ቀኝ ወዝወዝ አርገው፣ የግንባርህ ቆዳ አብሮ መሄድ አለበት፣ ሄልሜቱ ለብቻው ከተንሸራተተ ትልቅ ነው። ቀጥሎ ጓደኛህ ከኋላ ከታች ይዞ ወደ ፊት ይገልብጠው፣ ታስሮ ከወጣ በየትኛውም ዋጋ አትግዛው። አድርገኸው ሃያ ደቂቃ ሱቁ ውስጥ ዞር ዞር በል፣ ባለሱቁ ቢያይህ ይይህ። ስታወልቀው ግንባርህ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀይ ምልክት ካለና ካመመህ ቅርጹ ያንተ አይደለም፣ ትራክ ላይ እሱ ነጥብ ራስ ምታት ይሆንና ሃሳብህን ከመንገዱ ይወስደዋል።

ካርቦን ይሁን ፋይበር ግላስ አትጨነቅ፣ ካርቦን ይቀላል እንጂ ሁለቱም ያንኑ ፈተና ነው ያለፉት፣ ለቀለምና ለስዕል የምትከፍለውን ለእሳት መከላከያ የውስጥ ጭምብልና ጓንት አውለው። ሃንስ ስለሚባለው የአንገት መከላከያ ከጠየቅክ፣ ኤስኤ 2020 ማያያዣው የሚገባበት ቀዳዳ አለው፣ ነገር ግን ሃንስ በሁለቱም ትከሻ የሚያልፍ የውድድር ቀበቶ ይፈልጋል፣ በቪትዝህ ቀበቶ አይሰራም። ሄልሜት አርገህ ቪትዝ ውስጥ ስትቀመጥ ደሞ ጣራ እንዳትነካ ወንበሩን ቀድመህ አስተካክል።

ጥያቄ፦ እኔም አዳማ ነኝ፣ ካርት መንዳት ጀምሬአለሁ። ሄልሜቴ ከቆመ ባጃጅ ወንበር ላይ ተንከባሎ አስፋልት ላይ ወደቀ፣ ከጭረት በቀር ምንም አይታይም። ልጣለው? ሹሩባ ተሰርቼስ ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ ወዲያው አትጣዪው። ሄልሜትን የሚገድለው ጭንቅላት ውስጡ እያለ ሲመታ ነው፣ ያኔ ውስጡ ያለው ነጭ ጠንካራ ፎም ይጨፈለቃል፣ አንዴ ከተጨፈለቀ ደሞ አይመለስም፣ ከውጪ ደህና ቢመስልም እንኳ። ባዶውን ከወንበር ከፍታ ከወደቀ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ግን ጨርቁን አውጪና ፎሙን በጣትሽ ዳብሺ፣ የተሰነጠቀ፣ የጎደጎደ ወይም ከቅርፊቱ የለቀቀ ካለ በቃ አለቀ። ሰልባጅ ሄልሜት አትግዙ የምለውም ለዚሁ ነው፣ ማን ጭንቅላት ላይ ምን እንደደረሰበት ከውጪ አይነበብም።

ሹሩባው ቀጭንና ራስሽ ላይ የተኛ ከሆነ ችግር የለውም። ወፍራም ከሆነ ወይ ከላይ ከተቋጠረ ሄልሜቱን ከፍ ያረገዋል፣ ያኔ ከላይ ለወንድማችን የነገርኩትን የመገልበጥ ሙከራ ደግመሽ አድርጊ እላለሁ። ሄልሜቱን ስታጥቢው ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ይሁን፣ ጋራዥ እንደለመድነው በቤንዚን ወይ በቲነር መወልወል ቅርፊቱንም ፎሙንም ይበላል። የአዳማ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አትተዪው፣ ወደ ቤት ይዘሽው ግቢ።