መልስ፦ ልጄ ደረቴን ይወጋኛል ይላል ምርመራው ግን ነፃ ነው
እህቴ አይዞሽ፣ የ11 አመት ልጄ ደረቴን እያለ ኢሲጂውም (የልብ ምት የሚያነበው ምርመራ) አልትራሳውንዱም ምንም የለም ተባለ፣ እያስመሰለ ይሆን ወይ ላልሽው፣ አቦ ማስመሰል አይደለም፣ ህመሙ የምር ነው። ልጅ ሲጨንቀው ጨነቀኝ አይልም፣ ሆዴን ደረቴን ነው የሚለው። ጭንቀት ትንፋሽ ያፈጥናል፣ የደረት ጡንቻ ይወጥራል፣ ከዛ ይወጋዋል፣ ሲወጋው ልቤ ነው ብሎ ይፈራል ሲፈራ ደግሞ ይብስበታል። የኔዋም ልጅ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ስንኖር እሁድ ማታ ማታ ብቻ ነበር የሚያማት፣ ለካ ትምህርት ቤት የሚያስፈራራት ልጅ አለ፣ እኛ በድሬ ሙቀት አሳበን ቬንትሌተር እናዞርባታለን! ልጆች ላይ የደረት ህመም ከልብ የሚመጣው ከ100 ከ5 ባነሰ ነው፣ ጡንቻ፣ ቃር፣ አስምም ያመጣዋል። ግን ሲሮጥ ከሆነ የሚያመው፣ ራሱን ከሳተ፣ ወይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ካለው (እኛ አገር የቶንሲል ጣጣ ልብ ድረስ ይሄዳል) ቶሎ ድጋሚ አሳይው። ካልሆነ አመመህ ወይ እያልሽ አትነዝንዢው፣ ውሎውን ጠይቂው፣ ማታ አብራችሁ ቀስ እያላችሁ ተንፍሱ፣ ካልተሻለው የስነልቦና ባለሙያ ጋ ውሰጂው ጎረቤት ምን ይላል ሳትይ። የኔዋ ወራት ፈጅቶባታል፣ አሁን ከዚራ ሰፈር ዛፉ ስር ሳይክል ስትነዳ ነው የምትውለው።