አራት ልጅ፣ አንድ መኝታ ቤት፣ የድሬ ሙቀት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአራት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 6 ዓመቱ ነው፣ ቀጥሎ የ4 እና የ2 ዓመት ልጆች አሉ፣ የመጨረሻዋ ገና 5 ወሯ ነው። መኝታ ቤታችን አንድ፣ ቬንትሌተራችንም አንድ ነው። ማታ ከ2 ሰዓት ጀምሬ ላስተኛቸው እየታገልኩ 5 ሰዓት ይሞላል። አንዱን ሳስተኛ ሌላው ይነሳል፣ ሕፃኗ ካለቀሰች ደግሞ ሁሉም ይነቃሉ። በዚህ ሙቀት ልጅን በጊዜ ማስተኛት ይቻላል?
(እናት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን)

መልስ፦ ይቻላል፤ ሥራው ግን የሚጀመረው ጠዋት ነው። የብሎኬት ግድግዳ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይተፋል። ቆርቆሮው ፀሐይ እንደገባች ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ግን ልጆቹ በሚተኙበት ሰዓት ገና ትኩስ ነው። ስለዚህ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ገደማ በርና መስኮቱን ከፍተው ያናፍሱ፤ ከዚያ ፀሐይ የሚመታውን ወገን ዘግተው ወፍራም መጋረጃ ይጣሉበት። ብዙ ሰው «ይታፈናል» ብሎ ቀትር ላይ ሁሉንም ይከፍታል፤ የሚገባው ግን የአስፋልቱ ወላፈን ነው። ማታ ደጅ ቆመው አየሩ ከቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ማለቱን ሲያረጋግጡ ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ወይም መስኮትና በር በአንድ ጊዜ ይክፈቱ። ቬንትሌተሩን በዚያ ሰዓት ልጆቹ ላይ አይደቅኑት፤ መስኮቱ አጠገብ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙረው ያቁሙትና የውጩን አየር ይሳብ። ቀን ላይ አየሩ ራሱ በጣም ሲግል ቬንትሌተር ብቻውን የሚያመላልሰው ትኩስ አየር ነው፤ የልጁን አንገት፣ ክንድና እግር በእርጥብ ጨርቅ ካረጠቡለት በኋላ ነው የሚጠቅመው።

ቀጥሎ የቀትር እንቅልፍ ይታይ። ድሬ ላይ ቀትር ትልቁም ትንሹም ጋደም ይላል፣ ነውር የለውም። ችግሩ የ4 ዓመቱ ልጅ ቤቱ ጸጥ ስላለለት እስከ 11 ሰዓት ሲተኛ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ማታ 5 ሰዓት ላይ ዓይኑን ቢያፈጥ አይፈረድበትም። የ2 ዓመቱ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይተኛ። የ4 ዓመቱ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ ከ9 ሰዓት አይለፍ። የ6 ዓመቱ መተኛት አያስፈልገውም፤ ጋደም ብሎ ስዕል ይሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ የቀኑንም ጨምሮ የ5 ወር ሕፃን ከ12 እስከ 16፣ የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14፣ የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋሉ፤ ለ6 ዓመቱ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። የቀኑ በረዘመ ቁጥር ከማታው ይቀነሳል።

የማታው ተራ በእርስዎ ቤት እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። 12 ሰዓት ላይ እራት። ከራት ጋር ሻይ አይስጧቸው፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ሆጃም ቢሆን ወተት ስለበዛበት ብቻ ለልጅ የሚሆን እንዳይመስልዎ፣ እንደ ሻይ ሁሉ ካፌይን አለው። 12 ሰዓት ተኩል ሲል ገላ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳውን ያኮማትረዋል፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይነቃል፣ ሰውነቱም ሙቀቱን ይዞ ይቀራል። ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን ለአራቱም ይበቃል፦ መጀመሪያ ሕፃኗ በንጹሕ ሳፋ፣ ከዚያ የ2 እና የ4 ዓመቶቹ አብረው፤ ትልቁ በጆግ እየቀዳ ራሱን ይታጠብ። የድሬ ውሃ ከባድ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚሠራው ያው ውሃ ሳሙናውንም ቆዳ ላይ ያስቀረዋል። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ሳሙና ሲቀር የሙቀቱ ሽፍታ ይባባሳል። ሳሙናውን ይቆጥቡ፣ ማለቅለቁን ያብዙ፣ እጥፋቶቹን በደንብ ያድርቁ። ሽፍታው ላይ ቫዝሊን አይቀቡ፣ የላብ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ፓውደሩም ሲነፋ ወደ ሕፃን ሳንባ ይገባል፣ ይቅር።

ከገላ በኋላ የሚሳሳቱት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልጋ ላይ በማውጣት ነው። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ሕፃኗ ጠብታ ትተኛ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ የ2 ዓመቱ። ሁለቱ ትልልቆች በዚያ ጊዜ በረንዳ ላይ፣ ስልክም ቴሌቪዥንም ሳይኖር፣ ተረት ይስሙ ወይም ለነገ ልብሳቸውን ይጠፉ፤ 2 ሰዓት ሲሆን በጸጥታ ይግቡ። መጀመሪያ የተኙት ግማሽ ሰዓት ካለፋቸው እንቅልፋቸው ስለሚከብድ በቀላሉ አይነቁም። ሕፃኗ በራሷ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ትተኛ፣ ትራስ አያስፈልጋትም። ቦታዋ ከእርስዎ ጎን ይሁንና የ2 ዓመቱ ከክፍሉ ሌላኛው ጫፍ ይሁን። ሌሊት ስታለቅስ መብራት አያብሩ፤ መብራቱም ሌሎቹን ይቀሰቅሳቸዋል።

አሁን 5 ሰዓት የሚተኛን ልጅ ነገ 2 ሰዓት ተኛ ቢሉት አይሆንም። በመጀመሪያ የሚነሱበትን ሰዓት ያጽኑ፤ ማታ ቢያመሹም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሱ። ከዚያ የመኝታውን ሰዓት በየሦስት ቀኑ በሩብ ሰዓት ቀደም ያድርጉት። ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል፣ ግን ይጸናል።

ጥያቄ፦ ልጄ በበጋ ወባ ያዘው። ሰፈራችን ረግረግ የለም፣ ዝናብም አልነበረም። ውሃ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ስለሚመጣ በበርሜልና በሮቶ እናጠራቅማለን። ከየት መጣ?
(አባት፣ ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ምናልባትም ከዚያው ከበርሜሉ። የድሮው ትምህርት ወባን ከረግረግና ከክረምት ማግስት ጋር ያያይዘው ነበር። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ግን የከተማ ናት፤ ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ትወዳለች፣ በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ በተያዘ ውሃ ውስጥ ትራባለች። በ2014 በጋ ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው ወባ ምክንያት ሆና የተገኘችው እርሷ ናት። በ2006 ከተማውን ያስጨነቀው ደንጊም የሚተላለፈው በዕቃ ውሃ በምትራባና ቀን በምትነክስ ሌላ ትንኝ ነው።

ትንኟ ከዕንቁላል ተነሥታ ለመብረር በዚህ ሙቀት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ በርሜሉ በሳምንት አንድ ቀን፣ ውሃ ከመምጣቱ በፊት ተሟጦ መታጠብ አለበት። ቀን ይቁረጡለት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ። ማለቅለቅ ብቻ አይበቃም። የደንጊዋ ትንኝ ዕንቁላል ከውሃው መስመር በላይ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ደርቆም ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል፤ በብሩሽ ይፋቅ። ክዳን ተብሎ ጣውላ መጫን ዋጋ የለውም፣ ትንኝ በጣት ስፋት ክፍተት ትገባለች። ጥቅጥቅ ያለ ነጠላ ጨርቅ አፉ ላይ ወጥረው በከመነዳሪ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፣ ክዳኑ ከላዩ ይሁን። ሮቶ ላይ የሚረሳው የማፍሰሻው ቱቦ አፍ ነው፤ እዚያም የወንፊት ሽቦ ወይም ጨርቅ ይሰር። ጓሮ ያለ አሮጌ ጎማ፣ ጣሳና የዶሮ መጠጫም በዚያው ቅዳሜ ይደፋ።

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ሲጎነበስ ይደፋል፣ ተመልሶ መነሣት ያቅተዋል። የጥቂት ጣት ጥልቀት ያለው ውሃ ሊያሰጥመው ይችላል፣ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ነው። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ እንደያዘ አይደር።

አጎበር ለቀትር እንቅልፍም ይዘርጋ፣ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይወተፍ። አዲሱን ከመጠቀም በፊት 24 ሰዓት ጥላ ላይ ያናፍሱት። ሲቆሽሽ በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ በረኪና አይንካው፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣ፣ መድኃኒቱ ይከስማል። ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ይመርመር። ለልጅ ትኩሳት አስፕሪን አይሰጥም፤ ኢቡፕሮፌንም ደሙ ተመርምሮ ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አይስጡ፣ ደንጊ ከሆነ ያደማል። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ልኩ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ሽሮፑ እንደ ፋብሪካው ውፍረቱ ስለሚለያይ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነቡ በማንኪያ አይስፈሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ወሯ ነው። አማቴ «በዚህ ሙቀት ውሃ ካላጠጣሻት ትደርቃለች» ይላሉ፤ ሥራ ስወጣ የስኳር ውሃ እንደሚሰጧትም ጠርጥሬያለሁ።
(ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ እስከ 6 ወር ውሃ አያስፈልጋትም፣ በግንቦትም ቢሆን። የእናት ጡት ወተት ከ100 እጅ 87 ያህሉ ውሃ ነው። በትንሽ ሆዷ የገባው ውሃ የወተቱን ቦታ ይይዛል፣ ጡቷን ትቀንሳለች፣ የእርስዎም ወተት ይቀንሳል፤ ያ ውሃ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ አለ። ሙቀት ሲበረታ ቶሎ ቶሎ ጡት ይስጧት፣ እርስዎ ውሃ ይጠጡ። በቂ ማግኘቷን የሚነግርዎ ሽንቷ ነው፦ በ24 ሰዓት 6 ጨርቅና ከዚያ በላይ ካረጠበች፣ ሽንቷም ገርጣ ያለ ከሆነ ደህና ናት። አልበው የሚተዉላት ወተት በዚህ ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጭ አይቆይ፤ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ትንሽ ኩባያ ትጠጣ።

አማትዎን በክርክር አያሸንፏቸውም። ጭንቀታቸው ልክ ነው፣ መፍትሔው ነው የተሳሳተው። ሥራ ይስጧቸው፦ ቀትር ላይ ገላዋን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ የረጠበውን ጨርቅ መቁጠርና ማታ ለእርስዎ መንገር። የክትባት ቀን አብረው ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ከምራት አፍ የማይሰማ ከነርስ አፍ ይሰማል።

ጥያቄ፦ የ1 ዓመት ተኩል ልጅ አለኝ። ቡና በተፈላ ቁጥር ወደ ጀበናው ይሮጣል። ባለፈው ክንዱ ላይ ትንሽ ፈሰሰበት፣ ኮልጌት ቀባንለት። ልክ ነው?
(ከመጋላ)

መልስ፦ አይደለም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዕንቁላልና የቡና አተላ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዙታል፤ ሐኪም ቤትም መጀመሪያ እነሱን ለማጠብ ልጁ እንደገና ይሰቃያል። ወዲያውኑ ለብ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ በጆግ እያንቆረቆሩ 20 ደቂቃ። ቧንቧ ካልመጣ ከበርሜሉ፤ ውሃ የሚቆጠብበት ሰዓት አይደለም። በረዶ አይጠቀሙ። አምባርና ልብስ ሳያብጥ ይውለቅ፣ የተጣበቀው ግን አይጎተት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሸፍኑ። ከራሱ ከልጁ መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ረከቦቱን በክፍሉ ማዕዘን፣ ቡና አፍዪዋ ከልጁና ከምድጃው መካከል በምትቀመጥበት ቦታ ያድርጉት። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ፍም ሆኖ ሲገባም በርና መስኮት ይከፈት፣ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ አይደር። ላምባና በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ የምታስቀምጡ ካላችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት። ልጅ ላምባ ከጠጣ አታስመልሱት፤ ሲወጣ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤት የምቋጥረው ምሳ ቀትር ሳይደርስ ይሸታል።
(ከከዚራ)

መልስ፦ ለብ እንዳለ ስለሚከደን ነው። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ፔርሙዝ በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ አሙቀው፣ ውሃውን ደፍተው፣ እየተንፈቀፈቀ ያለውን ወጥ ሞልተው መክደን፤ ግማሽ የሆነ ፔርሙዝ ሙቀት አይዝም። ወይ ደግሞ የማይበላሽ መቋጠር፦ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ያልተላጠ ብርቱካን። ሽሮ፣ ፓስታ በሥጋ፣ ወተት ያለበት ነገር በተራ ምሳ ዕቃ አይሆንም። ፍሪዘር ካለ የውሃ ኮዳውን ግማሹን አስተኝተው ያቀዝቅዙት፣ ጠዋት ቀሪውን ሞልተው ከምሳ ዕቃው ጋር ያጣብቁት። ከ4 ዓመት በታች ላሉት ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ አይቋጠር፣ ጉሮሮ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ሁለቱ ልጆቼ ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ዳር ለመቀመጥ ይደባደባሉ።
(አባት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ በቀኑ ቁጥር ይወሰን። ቀኑ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን የታላቁ፣ ሙሉ ቁጥር ሲሆን የታናሹ፤ ካላንደሩ በር ላይ ይሰቀል፣ እነሱ ይዩት። እርስዎ አይፍረዱ። 30 ያለቀ ቀን ማግስት 1 ስለሆነ ተራው አይዛባም። የሚዛባው ጳጉሜን 5 ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ታላቁ ሁለት ቀን ተከታታይ ይደርሰዋል፣ ያንን ቀድመው ይንገሯቸው። በዚያ ላይ ዳር የሚቀመጠው በየትኛውም ቀን ክፍት በሆነው በኩል አይሁን፤ እዚያ እርስዎ ይቀመጡ።