ያ ሽመል

ባለፈው ሰሞን ሕግ የምትማረው የእህቴ ልጅ ቡና እያፈላች «ጋሼ፣ የሞተው ሞቷል፤ ገዳዩ የተከሰሰው በከባዱ የግድያ አንቀጽ በ539 ሆነ በቀላሉ በ541፣ ለሟች ምን ይፈይድለታል?» አለችኝ። ለሟችማ ምንም። ሌሊቱን ግን አንድ ሽመል ሲታየኝ አደረ፤ ይህን ለእናንተ ለሕግ ተማሪዎች የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው።

በ1970ዎቹ በአንድ ክፍለ አገር ጀማሪ ዓቃቤ ሕግ ነበርኩ። በገበያ ቀን ጠላ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተጣሉ። አንዱ የሌላውን ሙት እናት ሰደበ፤ የተሰደበው ሽመሉን አነሳ፤ ሰዳቢው ሳይነጋ ሞተ። መዝገቡ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የተከሳሹ የትውልድ ቦታ ላይ ነው። የአገሩን ስም አልጠራም። ያኔ ግን ፖሊሱም ጸሐፊውም እኔም «የዚያ አገር ሰው ደም ሳይመልስ አይተኛም» እንል ነበር። እንግዲያው ቂም መኖር አለበት አልኩና ፈለግሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በእርሻ ወሰን ተካሰው ኖሯል። ሽማግሌዎቹ አስታርቀናቸዋል ቢሉም አለፍኩት።

በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 522 አስቀድሞ አስቦ ለገደለ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ነው፤ 523 ለተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፤ 524 ደግሞ ክፉኛ ተቆጥቶ በድንገት ደሙ ለፈላ ሰው ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። የ1996ቱ ሕግም 539፣ 540፣ 541 ብሎ ይህንኑ መሰላል ነው የያዘው። ቁጥር አትሸምድዱ እላለሁ፣ ራሴ ግን ይኸው እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ።

ክሱን በ522 «አስቀድሞ አስቦ፣ ሽመል አዘጋጅቶ» ብዬ በታይፕ አስመታሁት። ታይፒስታችን ካርቦን ስለምትሰስት አንዴ የመታችውን አትደግምም ነበር፤ ነፍሷን ይማር። ሽመሉ ካርቶን ታስሮበት ቢሮዬ ጥግ ቆሟል። መያዣው ከእጅ ብዛት ወዝ ጠግቦ ጠቁሯል። ለጠብ የተዘጋጀ ዱላ እንዲያ አይሆንም። ጠላ ሻጯም «ከብት ሲነዳም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ከእጁ አይለየውም» ብላ ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታለች። አንብቤዋለሁ። ምስክር አድርጌ ግን አልቆጠርኳትም።

በችሎት ተከሳሹ «ጌታዬ፣ ቂም ቢኖረኝ አብሬው ጠላ እጠጣ ነበር?» አለ። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። «የአካባቢው ልማድ የታወቀ ነው» አልኩ። ማስረጃዬ ይኸው ነበር። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ መዝገቡን ያየው በዚያው ጠዋት ነው፤ ምንም አላለም። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አለቃዬ ጎበዝ አሉኝ፤ እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ አመንኩ።

እናንተ ደግሞ ዛሬ አስከሬን ሳይነሳ ስልካችሁን ከፍታችሁ፣ ከስሙ ብሔሩን ገምታችሁ ትፈርዳላችሁ። እኛ ቢያንስ መዝገብ እናነብ ነበር። ለነገሩ እኔም አንብቤ ነው ያጠፋሁት፤ ለወቀሳ አፍ የለኝም። አሁንም ታክሲ ውስጥ የሰው አነጋገር ስሰማ አገሩን ሳልገምት አልወርድም።

ስለ ትጋት አልነግራችሁም፤ ሰልችቷችኋል። መዝገብ ስትከፍቱ ግን ስምና ትውልድ ያለበትን ገጽ መጨረሻ ላይ አንብቡት። ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ ካለ ተነስታችሁ በእጃችሁ ያዙት።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙ እስረኛ ወጣ ተባለ። እሱ ይውጣ አይውጣ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ እችል ነበር። ሽመሉ ግን ገና ፍርዱ እንደተሰጠ «ኤግዚቢቱ ይወገድ» ተብሎ ለተላላኪያችን ተሰጠ። ፈልጦ ቡና አፈላበት። እኔም ጠጣሁ።