ውሃው በዝቶ ጠብታው ያነሰበት ገንዳ

መቂ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አንባቢ የጉድጓዳቸው ውሃ ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ ማዕድን) ስለበዛበት በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማንጠሪያ አሠርተዋል፤ የገንዳው ውሃ በፀሐይ ሞቆ ይተንና ከላይ በከደነው መስታወት ላይ ጠብታ ሆኖ ወደ መቀበያ ቦይ ይወርዳል። ገንዳው 1 ካሬ ሜትር፣ ውሃው 12 ሳንቲሜትር ጥልቀት አለው። «ፀሐይ ላይ ውሎ 1 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ መስታወቱ የሚያልበው ሲመሽ ነው» ይላሉ።

«ሲመሽ» ያሉት ቃል በቂዬ ነው። ውሃው በዝቷል፤ የገንዳው ሥርም ራቁቱን ነው።

12 ሳንቲሜትር ማለት 120 ሊትር ነው። ይህን ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ማድረስ ብቻ 17,600 ኪሎጁል ያህል ይፈጃል። ገንዳዎ በጠራ ቀን ከፀሐይ የሚያገኘው ደግሞ 20,000 ገደማ ነው። አንዱን ሊትር ለማትነን የሚበቃው 2,360 ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ሙቀት 7 ሊትር ባተነነ ነበር! የሞቀው ውሃ ሌሊትም ይተናል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የእርስዎ የላሜራ ገንዳ ግን በባዶ የብረት ማቆሚያ ላይ ስለተቀመጠ ሙቀቱን ነፋስ ከሥር ይወስደዋል።

ውሃውን ወደ 2 ሳንቲሜትር ያውርዱ። ገንዳውን በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ አለዚያ አንዱ ጎን ይደርቃል። ከሥሩ 5 ሳንቲሜትር ፎም ያንጥፉ፤ በመካከል ጣውላ ያስገቡ፣ ገንዳው ከደረቀ ፎሙ በሙቀት ይቀልጣልና።

የመስታወቱን ዙሪያ በማስቲሽ የደፈነው ሰው አሳዝኖኛል። ማስቲሽ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱም ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። በቢላዋ ፍቀው ለዓሣ ማርቢያ መስታወት የሚሆን ሲሊኮን ይጠቀሙ። በርካሽ የሚሸጠው ቶሎ ይላቀቃል፤ ፀረ ሻጋታ የተጨመረበትን ደግሞ ፈጽሞ አይግዙ።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ መቀበያ ቦዩ በስታኞ መያያዙ ነው። ብረት የሚያያይዙበት ስታኞ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። የተነጠረ ውሃ ደግሞ እርሳስን እየበላ ይሄዳል፤ በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይለይም። ዛሬውኑ አውጥተው በማይዝግ ብረት ያስተኩት።

እንዲህ ካደረጉ በጠራ ቀን 3 ሊትር ያህል ይጠብቁ። ፍሎራይዱ ገንዳው ውስጥ ስለሚቀር በየሁለት ቀኑ የቀረውን ውሃ ከነዝቃጩ ይድፉ፤ ለከብትም አይስጡ። ስታኞው እስኪወጣ ድረስ ግን ከዚህ ውሃ ለልጆች አንዲት ብርጭቆ እንኳ እንዳይቀዱ፤ አደራ።