ከሰል «ታዳሽ» ይባላል?

ጥያቄ፦ የሶላር መብራት ካርቶን ላይ «ሪኒወብል» የሚል የእንግሊዝኛ ቅጽል አየሁ። ባትሪው እየተሞላ ስለሚሠራ ነው? እንደዚያ ከሆነ ሲሊንደሩ ባለቀ ቁጥር የሚሞላው ቡታጋዝስ? ዛፍ ተመልሶ ይበቅላልና እንጨትና ከሰልስ?

መልስ፦ ቅጽሉ የሚገልጸው ባትሪውን ሳይሆን የኃይሉን ምንጭ፣ ፀሐይን ነው። በአማርኛ «ታዳሽ»፣ ማለትም ስንጠቀምበት ተፈጥሮ መልሶ የምትተካው፣ የምንለው ነው። ለሚሞላ ባትሪ እንግሊዝኛው «ሪቻርጀብል» የሚል ሌላ ቃል አለው። ያው ባትሪ በናፍጣ ጄኔሬተርም ይሞላል፤ ኃይሉ ግን ታዳሽ አይሆንም። ቡታጋዝም እንደዚሁ ነው። የሚሞላው ሲሊንደሩ ነው እንጂ ውስጡ ያለው ጋዝ ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ፣ ለመፈጠር ሚሊዮን ዓመታት የፈጀ ነው።

እንጨት ላይ ጥያቄዎ ይከብዳል፤ መልሱ በአቆራረጡ ይወሰናልና። ባህር ዛፍ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ከተቆረጠ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከቀንበጦቹ ጠንካራዎቹ 2 ወይም 3 ብቻ ቀርተው ሌሎቹ ሲመለመሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደገና ለማገዶ ይደርሳል። እንዲህ የተያዘ ማገዶ ያለ ጥርጥር ታዳሽ ነው። ቅርፊቱ ከጉቶው ከተላጠ ወይም ጉቶው ራሱ ለማገዶ ከተነቀለ ግን የሚተካ ነገር የለም።

ከሰል ደግሞ እንጨት ይፈጃል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በባህላዊው ዘዴ 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። እርጥብ እንጨት ከሆነ ከፊሉ የሚነደው ሌላውን ለማድረቅ ነው፤ አፈሩ ከተሰነጠቀም አየር ይገባና እንጨቱ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ከሚያድግና ማንም መልሶ ከማይተክለው ግራር የተከሰለውን ታዳሽ ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው።

ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት የከርሰ ምድር እንፋሎትም ቢሆን ከመተኪያው ፍጥነት በላይ ሲቀዳ ይደክማል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ጋይሰርስ በተባለው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ስፍራ፣ እንፋሎቱ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀነሰ፤ ከ1997 ወዲህ የተጣራ የከተማ ፍሳሽ በቧንቧ ተስቦ ወደ ከርሰ ምድሩ እንዲገባ ሲደረግ ማሽቆልቆሉ ተገታ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

«ታዳሽ»ን ከ«ንጹህ» ጋር አያምታቱት። የኒውክሌር ማመንጫ ሲሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያወጣም፤ ዩራኒየሙ ግን ከማዕድን የሚቆፈር ስለሆነ በተለምዶ ታዳሽ አይባልም። በተቃራኒው በደንብ ከተያዘ ባህር ዛፍ የተከሰለ ከሰል ታዳሽ ሊባል ይችላል፤ በተዘጋ ክፍል ከነደደ ግን የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ሳይኖረው ይገድላል። ማንደጃውን ውጭ ያቀጣጥሉት፤ ሲያስገቡትም በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመተኛትዎ በፊት ደግሞ ከቤት ያውጡት።