ሥራውን እችላለሁ፤ ቃለ መጠይቁን ግን አልችልም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ24 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በ8 ዓመቱ ሐኪም ኦቲዝም እንዳለበት ነገረን፤ የምርመራውን ወረቀት እስከ ዛሬ በሳጥን አስቀምጬዋለሁ። ልጄ እየተቸገረም ቢሆን ትምህርቱን ጨርሶ ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በዳታቤዝ አስተዳደር በደረጃ 4 ተመርቋል፤ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘናውንም አልፏል። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆነው። ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ያመለክታል። በጽሑፍ ፈተና ብዙ ጊዜ ከፊት ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲደርስ ይወድቃል።

ባለፈው መጋቢት በአንድ ድርጅት የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ሆኖ አለፈና ተጠራ። ሦስት ሰዎች ፊት አስቀመጡት። «አለቃህ ቢሳሳት ምን ታደርጋለህ?» ሲሉት «ተሳስተሃል እለዋለሁ» ብሎ መለሰ። እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። ዓይናቸውን ስለማያይም «የምትደብቀው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ሳይደውሉ ቀሩ።

ወንድሜ ቃሊቲ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን አለው። ልጄ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደ ቢን ካርዱን፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ፣ ከዕቃው ጋር ያመሳክርለታል። ባለፈው ክረምት ከመደርደሪያው ሦስት የፍሬን ሸራ መጉደሉን ያወቀው እሱ ነው፤ ከእሱ በፊት ሁለት ሰዎች ቆጥረው ልክ ነው ብለው ነበር።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ለቀጣሪዎች እንናገር ወይስ እንተወው? ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ሥራ በማፈላለግ የሚያግዘን ማን ነው? ዘመዶቼ ደግሞ «አትድከሚ፤ ከቤትሽ ሥር ትንሽ ሱቅ ክፈቺለት» ይሉኛል። ልስማቸው?

አንዲት እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

ከደብዳቤው ግርጌ፣ በሌላ የእጅ ጽሑፍና እኩል በተሰለፉ ፊደሎች፣ የሚከተለው ተጨምሯል፦ «ሥራውን እችላለሁ። ቃለ መጠይቁን አልችልም። ቃለ መጠይቅ የሌለበት ሥራ አለ?»

መልስ

ውድ እናት፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከሁሉም በላይ የያዘኝ ልጅዎ የጨመራቸው ቃላት ናቸው። አንድ ባለሙያ ረጅም ሪፖርት ጽፎ የሚያስረዳውን ችግር እሱ ባጭሩ ጨርሶታል። የወደቀው በሥራው አይደለም። ቃለ መጠይቅ በአብዛኛው የሚመዝነው አንድ ሰው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በደቂቃዎች ውስጥ ተግባብቶ፣ ያልተነገረውን ፍላጎታቸውን ገምቶ፣ ፊቱንና ድምፁን እንደ ሁኔታው እያስተካከለ መናገር መቻሉን ነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው የሚቸገረው ደግሞ በዚሁ ነው፤ ጥያቄውን እንደተነገረው ይወስዳል፣ እንደሚያውቀውም ይመልሳል። ለዳታቤዝ ወይም ለንብረት መዝገብ የሚፈለገው ግን ያንን የመግባባት ችሎታ አይደለም፤ ሦስት የፍሬን ሸራ መጉደሉን ሳያይ የማያልፍ ዓይን ነው። ስለ ዓይን ካነሳን አይቀር፣ እኛ ልጆች ሳለን ታላቅን ሰው ትክ ብሎ አለማየት የጨዋ ልጅ ምልክት ነበር። ዛሬ ያው አንገት መድፋት በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ላይ «የሚደብቀው ነገር አለ» ተብሎ መተርጎሙ በጣም ያሳዝነኛል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልምጣ። የእኔ ምክር መናገሩ ነው፤ ሆኖም የሚነገርበት ጊዜና መንገድ ወሳኝ ነው። በማመልከቻውና በሲቪው ላይ አይጻፍ፤ ስለ ኦቲዝም የተሳሳተ ግምት ያለው ሰው ገና የትምህርት ማስረጃውን ሳያይ ወረቀቱን ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል። የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ ሲጠራ ግን፣ ከቃለ መጠይቁ ቀን በፊት፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ለሰው ሀብት ክፍሉ ይግባ። በደብዳቤው ላይ የበሽታ ታሪክ አይተረክ፤ የሚያስፈልገው ነገር ብቻ ይዘርዘር። ለምሳሌ፦ «ኦቲዝም ስላለብኝ ድንገተኛና ጥቅል ጥያቄዎች ይከብዱኛል። ጥያቄዎቹ አስቀድመው በጽሑፍ ቢሰጡኝ፣ ወይም በቃለ መጠይቁ ፋንታ በተግባር ሥራ ሠርቼ እንድታዩኝ ቢፈቀድልኝ ችሎታዬን በትክክል ማሳየት እችላለሁ።» ይኸው ይበቃል። ሲያስገቡ በግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ማስመዝገብዎን አይርሱ።

ይህ ልመና አይደለም። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 «አካል ጉዳተኛ» ሲል በእግር ወይም በዓይን ላይ ያለውን ጉዳት ብቻ ማለቱ አይደለም፤ የአእምሮ ጉዳትንም በግልጽ ያካትታል። አዋጁ የአካል ጉዳተኛውን እኩል ዕድል የሚያጣብብ የምርጫ መስፈርት አድልዎ መሆኑን ይደነግጋል፤ አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግና ሠራተኛው ሥራውን እንዲያከናውን የሚያግዘው ረዳት እንዲመድብለትም ግዴታ ይጥልበታል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ክስ የሚመሠርት አካል ጉዳተኛም የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት የተከሳሹ ፋንታ ነው። በየቢሮው የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ብዙ ሰዎች ይህን አዋጅ አንብበውት አያውቁም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በደብዳቤው ላይ በትሕትና መጥቀስ ይጠቅማል። ማስረጃውን በሚመለከት፣ በልጅነቱ የተሰጠው ወረቀት ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን 16 ዓመት ስለሆነው በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በሌላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቀርቦ አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚገልጽ አዲስ ማስረጃ ቢያወጣ ይመረጣል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ስለ ድጋፍ ነው። የመጀመሪያው በር የወረዳችሁ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። የነዋሪነትና የፋይዳ መታወቂያውን፣ የትምህርትና የሲኦሲ ማስረጃውን ይዞ በሥራ ፈላጊነት ይመዝገብ። እዚያ በማኅበር ተደራጅቶ ብድር እንዲወስድ ሊመከር ይችላል። ለብዙ ወጣት የሚበጅ መንገድ ቢሆንም፣ በየቀኑ ከአምስት ሰው ጋር መደራደርን ስለሚጠይቅ ለልጅዎ አልመክረውም፤ የሚፈልገው ቅጥር መሆኑን በግልጽ ይንገሩ፣ ኦቲዝም እንዳለበትም በመዝገቡ ላይ ይስፈር። ከዚህ ሌላ በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው የጆይ የኦቲዝም ማዕከልና በወላጆች የተቋቋመው የነህምያ የኦቲዝም ማዕከል አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የራሳቸውን ልጅ ሲያሳድጉ ያዩትን ይዘው፣ ኦቲዝም የሚለው ቃል እንኳ በማይታወቅበት ጊዜ በአደባባይ የተናገሩ እናት ነበሩ፤ በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም የከፈቱት መንገድ ዛሬም ለእናንተ ይጠቅማል። ማዕከላቱ በይበልጥ የሚያተኩሩት በሕፃናት ላይ መሆኑን አውቀው ይሂዱ፤ ነገር ግን ለአሠሪ ስለ ኦቲዝም የሚያስረዳ ባለሙያና ልጆቻቸው ለሥራ የደረሱ ሌሎች ወላጆችን ለማግኘት ከዚያ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ከቢሮዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ድጋፍ ግን አንድ ሰው ነው። በሌሎች አገሮች የሥራ አጋዥ ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሠራተኛውን ለዓመታት ካሠለጠኑ በኋላ ሥራ ከመፈለግ ይልቅ አስቀድሞ ሥራ ላይ ያስገቡታል፣ ከዚያም አጋዡ እዚያው ሥራ ቦታው ላይ አብሮት ሆኖ ያለማምደዋል። ሥራውን ግን አይሠራለትም። በመጀመሪያው ቀን የት እንደሚፈርም፣ ምሳ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ኃላፊው «ቶሎ አድርሰው» ሲል በስንት ሰዓት ማለቱ እንደሆነ ያስረዳዋል፤ ለኃላፊው ደግሞ «ቶሎ» ከማለት ይልቅ «እስከ 9 ሰዓት» ማለት እንደሚሻል ይነግረዋል። ጄኔሬተሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ጫጫታው የማይቻል ከሆነ ወደ ጥግ እንዲዛወር ይጠይቃል። በሦስተኛው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ብቅ ይላል፣ በሁለተኛው ወር በስልክ ይጠይቃል፣ ከዚያም ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ካልተገኘ፣ ማኅበራዊ ሥራ ያጠና የቅርብ ዘመድ ወይም በዚያው መሥሪያ ቤት ያለ አንድ ታጋሽ ባልደረባ ይህን ሊሠራ ይችላል። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ረዳት ይመደብ ማለቱም ለዚሁ መሠረት ይሆናል።

ይህ እገዛ ከመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ከተስማሙበት እስከ 60 የሥራ ቀን ይዘልቃል፤ በዚህ ጊዜ አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው አይመጥንም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ኦቲዝም ላለበት ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው አዲስ ቦታ፣ አዲስ ድምፅና አዲስ ሰው የሚበዛበት ይኸው መነሻ ነው። ብዙዎች ሥራውን መሥራት እየቻሉ በዚሁ ወቅት ይሰናበታሉ። ከቱሉ ዲምቱ የሚወስደውን መንገድም ከወዲሁ ያስቡበት። በእሑድ ቀን ታክሲው ባዶ ሳለ አብራችሁ ሂዱ፤ ቀጥሎ በሥራ ቀን፣ ሰልፉ በረዘመበትና ወያላው በሚጮኽበት በጠዋቱ 12፡30 ደግማችሁ ሂዱ። ሥራ ስትፈልጉም በቂሊንጦ፣ በአቃቂና በቃሊቲ ያሉትን ፋብሪካዎችና መጋዘኖች አስቀድሙ። ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ በሰው ተጨናንቆ የደረሰ ልጅ ሥራውን የሚጀምረው ደክሞ ነው።

አሠሪዎች በዚህ አካሄድ እንደማይጎዱ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ቶርኪል ሶነ የተባለ ዴንማርካዊ አባት፣ ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቀ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ስፔሻሊስተርነ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ለሶፍትዌር ፍተሻና ለመሳሰለው ሥራ ሲመዝን በቃለ መጠይቅ ላይ አልተመረኮዘም፤ ሌጎ የተባለውን የልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻ እየገጣጠሙ ሮቦት ሲሠሩ አያቸው። በዚያው አቆጣጠር በ2013 ኤስኤፒ የተባለው ትልቅ የጀርመን የሶፍትዌር ኩባንያም ኦቲዝም ያለባቸውን ሠራተኞች መቅጠር ጀመረ። ይህን ስል ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ የኮምፒውተር ሊቅ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያ ማለት ልጆቻችንን በሌላ በኩል ይጎዳቸዋል። የእርስዎ ልጅ ግን የሚችለውን አሳይቷል፤ መንኳኳት ያለበት በርም የንብረት ክፍል፣ የመዝገብ ቤት፣ የመረጃ ማስገባትና የጥራት ቁጥጥር በር ነው።

ስለ ሱቁ፣ ዘመዶችዎ በፍቅር መክረዋል፤ ሆኖም አይስሟቸው። ሱቅ ማለት ከጠዋት እስከ ማታ የማያልቅ ቃለ መጠይቅ ነው፤ ዋጋ የሚከራከር፣ ዱቤ የሚለምን፣ ቆሞ ወሬ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋበትም።

አሁን ደግሞ ለአንተ፣ ወንድሜ።

ለጠየቅኸው ጥያቄ መልሱ፦ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እንድታደርግ እመክርሃለሁ። አንደኛ፣ በአጎትህ መጋዘን የምትሠራውን ሥራ በውል ሥራ። አጎትህ በጽሑፍ ይቅጠሩህ፣ ደመወዝህን በፔሮል ይክፈሉ፣ የሥራ ግብሩንም ይክፈሉ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ የሚቀበሉት ግብር የተከፈለበት ሲሆን ነው። ደብዳቤው ማኅተም ይኑረው፤ በሞዴል 19 የገባውንና በሞዴል 22 የወጣውን ከቢን ካርድ ጋር ማመሳከርህንም በዝርዝር ይግለጽ። ሁለተኛ፣ የሠራኸውን የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ የደንበኛ ስምና ዋጋ አውጥተህ በሁለት ገጽ አትመህ ያዝ። «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉህ ሠንጠረዡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና እሱን አስረዳቸው። ወረቀቱን እያየህ መናገር ትችላለህ።

ስለ አለቃው የመለስከው መልስ ትክክል ነበር። ሌላ ጊዜ ከጠየቁህ ያንኑ መልስ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨምርበት፦ «ተሳስተሃል እለዋለሁ፤ የምነግረውም ለብቻው ሲሆን ነው፣ ቁጥሩንም አሳየዋለሁ።»