እግዚአብሔርን መነዝነዝ ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ በመጠጥ ተይዞብኛል። ጠዋት ማታ የምለምነው ስለ እሱ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ግን «አንዴ ለምኖ ማመን ነው እንጂ በየቀኑ መነዝነዝ እምነት ማጣት ነው» አለችኝ። ፈጣሪዬን እያስቸገርሁት ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ አላስቸገሩትም። ልመናዎን እንዳያቋርጡ።

ጎረቤትዎ የፈሩት ቃል ወንጌል ውስጥ አለ። በሉቃስ ምዕራፍ 11 አንድ ሰው በእኩለ ሌሊት ወዳጁ ደጅ ሄዶ ሦስት እንጀራ አበድረኝ ይላል። ቤቱን እስቲ ይዩት። በሩ ተቆልፏል። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ተኝተዋል። እሱ ከተነሣ ቤተሰቡ በሙሉ ሊነቃ ነው። ጌታችን ግን ስለ ወዳጅነቱ ባይሰጠው እንኳ «ስለ ንዝነዛው» ተነሥቶ ይሰጠዋል አለ። ደግሞ ሰውየው እንጀራውን የፈለገው ከመንገድ ለመጣበት እንግዳ ነው፤ ለራሱ አይደለም። እርስዎም የሚያንኳኩት ለልጅዎ ነው።

ታዲያ እግዚአብሔር እንደዚያ እንቅልፋም ነው ማለት አይደለም። ተኝቶ የነበረው ሰው ከሰጠ፣ የማይተኛው አባት እንዴት ዝም ይላል?

ከነናዊቷንም ያስቧት፤ እሷም እናት ነበረች። ስለ ልጇ እየጮኸች ስትከተል ደቀ መዛሙርቱ አሰናብታት አሉት። ጌታ ግን እምነትሽ ታላቅ ነው አላት። በጌቴሴማኒም እሱ ራሱ ያንኑ ቃል ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ጸልዮአል። እኛስ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ እንል የለ? በማቴዎስ ምዕራፍ 6 የተከለከለው ከንቱ ድግግሞሽ ነው፤ አፍ እያነበነበ ልብ ገበያ ሲውል።

ክፉ ንዝነዛም አለ። ደሊላ ሶምሶንን ዕለት ዕለት ነዝንዛ ነፍሱን አስጨነቀችው፤ ብር ሊሰጧት ቃል ተገብቶላት ነበርና። የእርስዎ እንባ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

መልሱ ባሰቡት መንገድ ላይመጣ እንደሚችል ግን ልደብቅዎት አልፈልግም። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። መውጊያው አልተነሣለትም፤ ጌታም አልተለየውም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ልጅዎን አይነዝንዙት። በር ላይ ጠብቀው ሲቆጡት የባሰ እያመሸ ይመጣል። ጠዋት፣ ሳይጠጣ፣ ቁርስ አቅርበው ረጋ ብለው ያናግሩት። የክርስትና ስሙን ለንስሐ አባትዎ ይስጡ፤ በጸሎት ያስቡታል። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ክፉኛ ሊታመም ስለሚችል ሐኪምም ይየው። ጠበሉንና ሕክምናውን አብረው ያስኪዱለት።